ከማዕድ ጀርባ የተደበቀው ሕመም፦ አዋቂዎች ለአመጋገብ መዛባት ሕክምና ለምን ይዘገያሉ?

በአማራ ገጠር እንግዳ ሲመጣ መሶብ ይቀርባል፤ እጅ ይታጠባል፤ "አፈር ስሆን ብሉ" እየተባለ ይለመናል። በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጠ ቤተሰብ ማን ስንት ጊዜ እንደጎረሰ አይቆጥርም፤ መቁጠሩም ነውር ነው። ለቤቱ ሁሉ ስትጋግርና ወጥ ስትሠራ የዋለችው እናት ደግሞ በአብዛኛው የምትበላው ሌላው ከጠገበ በኋላ ነው። "እናንተ ብሉ፤ እኔ ስቀምስ ጠግቤያለሁ" ካለች የሚጠራጠራት የለም። አብሮ መብላት የሀገሬው ኩራት ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ ገበታ ዙሪያ ለዓመታት ሳይታይ የሚኖር አንድ ሕመም አለ።

ሕመሙ በሕክምናው ቋንቋ የአመጋገብ መዛባት ይባላል። ምግብ አጥቶ መራብ አይደለም፤ ከምግብ ጋር ያለ ግንኙነት ሲታመም የሚመጣ የአእምሮና የአካል ጤና ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ውስጥ ራሱን የቻለ ምድብ ተሰጥቶታል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የወጣት ሴቶች ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። እውነታው ግን ወንዶችንም፣ ልጆች ያሳደጉ እናቶችንም፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችንም ይይዛል። በወጣትነት ጀምሯቸው እስከ ጉልምስና ሳይታከሙ የሚቆዩም ጥቂት አይደሉም።

ሕመሙ በምን በምን ይገለጣል?

የመጀመሪያው አኖሬክሲያ ነርቮሳ የተባለው ነው። የያዘው ሰው ምግብ በእጁ እያለ ራሱን ይከለክላል፤ እየከሳ ሄዶም ኪሎ መጨመር ያስፈራዋል። ሁለተኛው ቡሊሚያ ነርቮሳ ሲሆን፣ ሰውየው ራሱን መግታት አቅቶት አብዝቶ ከበላ በኋላ በፀፀት ተነሥቶ የበላውን ከሰውነቱ ለማስወጣት ይሞክራል። ሦስተኛው እንዲሁ ራስን መግታት አቅቶ፣ ሳይርብም ጭምር፣ በድብቅና በፍጥነት አብዝቶ የመብላት ሕመም ነው፤ በዚህኛው የበላውን ለማስወጣት የሚደረግ ሙከራ የለም። አራተኛው ሰውነቴ ይወፍራል የሚል ስጋት ሳይኖር የምግቡን ጣዕም፣ ሽታ ወይም መታነቅን ከመፍራት የተነሣ ምግብን አጥብቆ መሸሽ ነው።

አምስተኛው ፓይካ ይባላል። አፈር፣ ሸክላ፣ አመድ፣ ከሰል ወይም የግድግዳ ምርጊት የመሰለ ምግብ ያልሆነ ነገርን ደጋግሞ መብላት ማለት ነው። ይህ በተለይ ለገጠር ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት አፈር ስታምራት "አምሮት ነው" ተብሎ ይታለፋል። ለአጭር ጊዜ የሚታይ ትንሽ አምሮት ሁሉ በሽታ ነው ማለት አይደለም። ሲደጋገምና ሲበረታ ግን ብዙውን ጊዜ ከብረት ማዕድን እጥረትና ከደም ማነስ ጋር ተያይዞ ይገኛል። የሚበላው አፈርም የወስፋት እንቁላል ሊይዝ፣ ከምግብ የሚገኘውን ብረትም አንጀት እንዳይቀበለው ሊያደርግ ይችላል።

ከብት የሚያረባ ሰው ለዚህ ቅርብ ምሳሌ አለው። በግጦሽ ላይ አጥንት አንሥታ የምታኝክ ላም ስትታይ ልምድ ያለው አርሶ አደር "ይህች ላም ባለጌ ናት" አይልም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያውም የፎስፈረስ እጥረት ሊሆን እንደሚችል ይጠረጥራል፤ ከአጥንቱ የሚመጣውን መመረዝ ለመከላከልም የማዕድን መኖ እንድታገኝ ይመክራል። ለላሚቱ የተሰጠው ምክንያትን የመጠየቅ ዕድል አፈር ለምትበላው እናት ሲነፈግ ይታያል። እሷ የሚጠብቃት ወይ ሳቅ ነው ወይ ተግሣጽ።

ለምን ሳይታይ ይቆያል?

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። አንዱ ከግብርናው ወቅት ጋር የተሳሰረ ነው። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ጎተራ የሚጎድልባቸው፣ ሥራ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት ብዙ ሰው ይከሳል፤ የከሳ ሰውም ዓይን አይስብም። ልዩነቱ የሚታየው ከኅዳርና ከታኅሣሥ በኋላ ነው። እህል ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ የሌላው ሰው ሰውነት ይመለሳል። እህል ሞልቶ እያለ የማይመለስ ሰውነት፣ ማዕድ ሲቀርብ ሰበብ ፈጥሮ የሚነሣ ሰው ካለ ግን ነገሩ የምግብ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ ቤተሰብ ሊጠረጥር ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት ስሙ ነው። በሀገሬው አነጋገር "ምግብ ዘጋው"፣ "ከእህል ተጣላ"፣ "ሆዱ አልቀበል አለ" የሚሉ አባባሎች አሉ። ችግሩን ይገልጻሉ፤ ወደ ሕክምና ግን አይመሩም። አብዛኛው ሰው ጤና ተቋም ሲደርስ የሚናገረው "ጨጓራዬን ያመኛል" ብሎ ነው። ማቃጠል፣ የሆድ መነፋት፣ ድርቀትና ማቅለሽለሽ ከአመጋገብ መዛባት ጋር አብረው ስለሚመጡ አባባሉ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት የሚመለሰው ታካሚ ዋናው ሕመሙ ሳይነካ ይቀራል። ከዓመት ዓመት ከአንዱ ክኒን ወደ ሌላው ሲዘዋወርም ዕድሜው ይገፋል።

ሦስተኛው እፍረት ነው። ረኃብ ባለበት ሀገር "ምግብ እያለኝ መብላት አልቻልኩም" ማለት ጥጋብ ይመስላል። "ስበላ ራሴን መግታት አቃተኝ" ማለት ደግሞ ከሆዳምነት ይቆጠራል። ወንድ ከሆነ እፍረቱ ይብሳል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሰው ጋር ላለመብላት ምክንያት ያበጃል፤ ድግስና ሰንበቴ ይሸሻል፤ ሌሊት ሌላው ሲተኛ ብቻውን ይበላል ወይም ጨርሶ ይተዋል። "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም" የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል።

ረኃብ ራሱ አእምሮን እንደሚለውጥ መታወቁም ለዚህ እፍረት መልስ ይሰጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ፣ እ.አ.አ በ1944 እና በ1945፣ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንሴል ኪስ ፈቃደኛ የሆኑ 36 ጤነኛ ወንዶችን ለስድስት ወራት ያህል ምግባቸውን ቀንሰው አጠኑ። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ የሚሆነውን አጡ። ከዚያ በላይ ያስገረመው የአእምሯቸው ሁኔታ ነበር። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ ድብርትና ቁጣ ያዛቸው፤ ከሰው ተለዩ። ምግብ ሲፈቀድላቸውም አንዳንዶቹ እስኪታመሙ በሉ። ጥናቱ ያሳየው ለረጅም ጊዜ ምግብ የጎደለው ጤነኛ ሰው እንኳ ከምግብ ጋር ያለው ግንኙነት ሊናጋ እንደሚችል ነው። ድርቅና መፈናቀል ባለፉባቸው አካባቢዎች ለሚኖሩ ሰዎች ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ሌሊት ተነሥቶ የሚበላ ወይም ምግብ የሚሸሽግ ሰው ከክፋት ወይም ከስስት ሳይሆን ካሳለፈው ነገር የመጣ ችግር ሊኖርበት ይችላል።

ጾምና ሕመም

ጉዳዩ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ሌላ ገጽታ አለው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓመት 180 ቀናት ገደማ ይጾማሉ፤ ሙስሊሞች የረመዳንን ወር ይጾማሉ። ጾም ሕመም አይደለም፤ የሚጾመው ሕዝብም በሽተኛ አይደለም። ጾም ጊዜ አለው፤ ሲፈታ የሚበላ፣ የሚደሰት ማኅበረሰብም አለው። ሕመሙ የሚለየው ፋሲካ ደርሶ፣ ዒድ ገብቶ፣ ሌላው ሲፈስክና ሲደሰት መፍታት ያልቻለ ሰው ሲኖር ነው። ከታዘዘው በላይ እየጨመረ የሚሄድ፣ መብላትን እንደ ኃጢአት የሚቆጥር፣ ሰውነቱ ሲደክምም ማቆም የማይችል ሰው በጾም ስም የተሸፈነ ሕመም ሊኖርበት ይችላል።

እ.አ.አ በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ ማሳያ ነው። ተመራማሪዎች በሰሜን ምሥራቅ ጋና በሚገኙ ሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 668 ሴት ተማሪዎችን መዘኑ። ከእነዚህ መካከል 10ሩ ከመጠን በላይ የከሱት ምግብን ራሳቸው በመከልከላቸው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ልጃገረዶቹ ግን ውፍረትን ስለመፍራት አላነሡም። ምግብ መተዋቸውን የሚያዩት በበጎ ነበር፤ የሚገልጹትም በሃይማኖትና ራስን በመግዛት ቋንቋ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በአፍሪካ ሁኔታ "መወፈር ያስፈራሃል ወይ?" የሚለውን ጥያቄ ብቻ የሚጠይቅ ባለሙያ ሕመምተኛውን ሊያልፈው ይችላል።

ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት የንስሐ አባት ለታመመ ሰው ጾሙን ሊያቀልሉለት ይችላሉ። በእስልምናም የታመመ ሰው ከጾም ግዴታ ይፈታል፤ ሲድን ያወጣል፣ የማይድን ከሆነም ድኻ ያበላል። ስለዚህ የሐኪም ምክርና የሃይማኖት አባት ቃል መጋጨት የለባቸውም። እንዲያውም "ብላ" የሚለው ፈቃድ ከንስሐ አባቱ ሲመጣ ከሐኪሙ ትእዛዝ ይልቅ የሚሰማ ሕመምተኛ ሊኖር ይችላል።

ጸበልም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጸበል ነው። በአዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ከጸበል አገልጋይ ካህናት ጋር ተባብረው ሕሙማንን ያከሙበት አሠራር እ.አ.አ በ2021 በታተመ ጥናት ተገልጿል። መድኃኒቱም ጸበሉም ሳይቋረጥ መታከም እንደሚቻል ያሳያል። አደጋ የሚመጣው ሰውነቱ እጅግ የተዳከመ ሰው ሐኪም ሳያየው ለቀናት ያለ ምግብ እንዲቆይ ሲደረግ ነው።

ከተማው ሌላ ፈተና አለበት

ቀደም ባለው ዘመን ሞላ ያለ ሰውነት የጤናና የሀብት ምልክት ነበር። ዛሬ በከተሞች ይህ አመለካከት እየተለወጠ ነው። የእጅ ስልክ ላይ የሚታየው ቁመና፣ የማቅጠኛ ሻይና ክኒን ማስታወቂያ፣ "ወፈርሽ" የሚል የጎረቤት ቀልድ ተደማምረው ጫና ይፈጥራሉ። በፊጂ ደሴቶች የሆነው ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ሞላ ያለ ሰውነት ይከበርበት በነበረ አንድ አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው እ.አ.አ በ1995 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ተመልሰው ሲጠይቁ ቀድሞ አንዲትም ልጃገረድ ያልጠቀሰችውን፣ ለመቅጠን ሲሉ የበሉትን ማስመለስን፣ ከ100 ልጃገረዶች 11 ያህሉ እንደሚያደርጉት ተናገሩ። ለዘመናት የቆየ ባህል በጥቂት ዓመታት ሊናጋ እንደሚችል ይህ ያስተምራል። በሐኪም ያልታዘዘ የማቅጠኛና የማስቀመጫ መድኃኒት ደግሞ ኩላሊትንና ልብን ሊጎዳ ይችላል።

መዘግየት ምን ያስከፍላል?

የአመጋገብ መዛባት ቀላል ሕመም አይደለም። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ከፍተኛ የሞት መጠን ካላቸው አንዱ ነው። ሰውነት ሲጎዳ የልብ ምት ይዘገያል፤ ብርድ ይበረታል፤ የወር አበባ ይቋረጣል፤ አጥንት ይሳሳል። ደጋግሞ ማስመለስ ጥርስን ይበላል፤ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም በማሳጠትም ልብን ድንገት ሊያቆም ይችላል። ሳይገቱ አብዝቶ መብላት ደግሞ ለስኳርና ለደም ግፊት ያጋልጣል። ከአካሉ ጉዳት ጎን ለጎን ድብርት ይመጣል፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብም ሊከተል ይችላል። እንዲህ ያለ ሐሳብ የገለጸ ሰው ብቻውን ሳይተው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ሌላም አደጋ አለ። በድርቅ የከሳ በሬ ድንገት እህል ቢሰጠው ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት እንደሚችል አርሶ አደር ያውቃል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ይመግበዋል። ለረጅም ጊዜ ምግብ ያልቀመሰ ሰውም፣ ምክንያቱ የተለየ ቢሆንም፣ ድንገት ብዙ ቢመገብ ለአደጋ ይጋለጣል። በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ሌሎች ማዕድናት በፍጥነት ስለሚወርዱ ልቡና ሳንባው ሊታወኩ ይችላሉ። በመሆኑም እጅግ የከሳን ሰው "በሞቴ" እያሉ በግድ ማጉረስ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ሊጎዳው ይችላል። አመጋገቡ በጤና ባለሙያ ክትትል፣ በመጠን መጀመር አለበት።

ጤና ተቋሙ ዝግጁ ነው?

በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጤና ኬላን ወደ ቀበሌ አውርዷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የሕፃናትን ክንድ ትለካለች፤ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶችን ትከታተላለች። የሥርዓተ ምግብ ሥራው ትኩረት በአብዛኛው በእነዚህ ላይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነፍሰ ጡር ያልሆነች የ40 ዓመት ሴት ወይም የ30 ዓመት ወንድ ግን ማንም ሳይመዝነው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድም ጥረት ተደርጓል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ክፍተትን ለመሙላት የነደፈውን መርሐ ግብር እ.አ.አ ከ2010 ጀምሮ ሞክረው ከተገበሩት ሀገራት አንዷ ናት። በዚህ መርሐ ግብር ነርሶችና የጤና መኮንኖች ድብርትን፣ ከባድ የአእምሮ ሕመምን፣ የሚጥል በሽታንና የሱስ ችግርን ለይተው እንዲያክሙ ይሠለጥናሉ። ይሁን እንጂ እ.አ.አ በ2016 የወጣው የመርሐ ግብሩ መመሪያ ስለ አመጋገብ መዛባት ራሱን የቻለ ምዕራፍ የለውም። ጤና ጣቢያ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ሕመሙን ቢያልፈው ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የተሰጠው መጽሐፍም አልነገረውም። ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ክፍተቱ በአንድ ቀን አይሞላም፤ ትንሽ እርምጃ ግን ብዙ ይለውጣል። የጨጓራ ሕመም እያለ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ የሚመለስን ታካሚ መመዘን፣ ያለፈውን ክብደቱን መጠየቅ፣ "ከምግብ ጋር ያለህ ነገር እንዴት ነው?" ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። ለድብርት የሠለጠነ ነርስ በሥልጠናው ላይ ጥቂት ሰዓት ቢጨመርለት ይህንንም መለየት ይችላል። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና የክልሉ ጤና ቢሮ ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ሕክምና ፈላጊው ምን ያድርግ?

መጀመሪያ የሚሄድበት ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈራል ወረቀት ወደ ሆስፒታል ሲሄድ የመድኑ ተጠቃሚ ይሆናል፤ ደረጃውን ዘሎ በቀጥታ ከሄደ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በባሕር ዳር ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ፤ በአዲስ አበባም አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛል።

ባለሙያው ፊት ሲቀርቡ "ጨጓራ" ብሎ ማቆም አይበጅም። ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ በአንድ ዓመት ምን ያህል እንደከሱ ወይም እንደጨመሩ፣ ምግብ እያለ ላለመብላት የሚያስገድድ ነገር እንዳለ፣ በድብቅ አብዝተው እንደሚበሉ፣ ማስመለስ ወይም ማስቀመጫ መጠቀም እንዳለ፣ አፈር ወይም ሌላ ነገር እንደሚያምራቸው በግልጽ መናገር ይገባል። ለመናገር ያፈረ ሰው በወረቀት ጽፎ ቢሰጥ ወይም የሚያምነውን ሰው ይዞ ቢገባ ነውር የለበትም። ባለሙያውም ሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ እንቅርት፣ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያንና ሌሎች የሚያከሱ ሕመሞች እንደሌሉ መመርመር አለበት። የከሳ ሁሉ የአመጋገብ መዛባት የለበትምና።

ሕክምናው አለ። ክብደትን በጥንቃቄ መመለስ፣ የጎደለውን ብረትና ማዕድን መተካት፣ በየጊዜው እየተገናኙ ሐሳብንና ልማድን የሚለውጥ የንግግር ሕክምና ዋናዎቹ ናቸው። ለቡሊሚያ ደግሞ ለድብርት የሚሰጠው ፍሎክሰቲን በሐኪም ትእዛዝ ሊረዳ ይችላል። ሕመሙ ለዓመታት የቆየበት ሰውም ይድናል፤ "አረጀሁ፣ አለፈኝ" የሚባልበት ዕድሜ የለውም።

የቤተሰቡ ድርሻም ከባድ ነው። መሳደብ፣ መቁጠር፣ በሰው ፊት "ብላ እንጂ" ብሎ ማሳፈር ሕመምተኛውን ከገበታው ያርቀዋል። ነገሩን ለብቻ፣ በረጋ ቃል ማንሣት ይሻላል፤ "ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ" ማለት ከአሥር ምክር ይበልጣል። ሩቅ መንገድ ላለበት ሰው የገበያ ቀንን መርጦ አብሮ መሄድ ይቻላል። ለቤቱ ሁሉ አቅርባ "ስቀምስ ጠግቤያለሁ" የምትለውን እናት ደግሞ ዛሬ ማታ ከሁሉ ጋር እንድትቀመጥ መጋበዝ ለማንም የሚከብድ አይደለም።